አምስት ጊዜ የገባችው ዘንግ

ዘንጓን የሠራኋት እኔ ነኝ። ከትንሽ ጣት የምትቀጥን ነጭ እንጨት ናት፤ ጫፏን ናስ አልብሼዋለሁ፤ ወደ መያዣዋ አካባቢ ዙሪያዋን ቀይ መስመር አስምሬባታለሁ። ሥራዋ አንድ ነው። አንድ ሰው ተኩሶ ሲጨርስ በሽጉጡ አፈሙዝ በኩል ትገባለች። ቀዳዳው ባዶ ከሆነ እስከ ቀዩ መስመር ትጠልቃለች። ባሩድና አረር ካለበት ግን መስመሩ ከአፈሙዙ ውጭ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶ ይታያል። ከዚያ ከበሮው፣ ማለትም ስድስቱን ቀዳዳ የያዘው ተሽከርካሪ ብረት፣ በእጅ ይዞርና ዘንጓ እንደገና ትገባለች። ስድስት ቀዳዳ፣ ስድስት ጊዜ። ይህን ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼዋለሁ።

ኖርማን ሬይን ሚስቱን ኦድሪን የገደለበት ሽጉጥ በዚያው ቅዳሜ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት፣ በዚህች ዘንግ ተፈትሾ ነበር። ኖርማን ነፍሰ ገዳይ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ዘንጓ ስንት ጊዜ እንደገባች ከማወቅ ጋር የተያያዘ ነው። ያንን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የተኩስ ማኅበራችን ከዊርዴል ሸለቆ በላይ፣ በተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። አባላቱ አሥራ ዘጠኝ ነን፤ አብዛኞቻችን ጡረተኞች ነን። የምንተኩሰው በአሮጌው ዓይነት ባለስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። ቀለህ የለውም። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከፊት በኩል ባሩድ ይጨመርበታል፣ በላዩ ሻካራ የስንዴ ዱቄት፣ በላዩ አረር፣ በአረሩ ላይ ከሰምና ከሞራ የተሠራ ቅባት። ከኋላ በኩል የምስር ፍሬ የምታክል የመዳብ ቆብ ትገጠማለች፤ መዶሻው ሲመታት እሳት ትተፋና ባሩዱን ትለኩሳለች። ከስድስቱ ቀዳዳ አምስቱን ብቻ እንሞላለን፤ ስድስተኛዋ ለጥንቃቄ ባዶዋን ትቀራለች። በዘመናዊ ሽጉጥ መጫወትን የአገራችን ሕግ አይፈቅድም፤ ይህኛውን ይፈቅዳል። ስለዚህ አባቶቻችን የጣሉትን ዕቃ አንስተን በሃያ አምስት ሜትር ላይ ወረቀት እንበሳለን።

እኔ ሌስሊ ፌዘርስተን እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የአውራጃው የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የነዳጅ ማደያ፣ የሥጋ ቤት ሚዛን፣ የመጠጥ ቤት ብርጭቆ ስፈትሽ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ገና ሥራ ላይ ሳለሁ ማኅበሩ የተኩስ መስመር ኃላፊ ሲፈልግ ማንም ሌላ ስም አላነሳም። "ሌስ ሚስቱን ሲስም እንኳ መዝኖ ነው" ይሉ ነበር። ሚስቴ በሕይወት ሳለች እሷም ትለው ነበር።

ኖርማን ደግሞ እዚያው ካባ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ የበሳ ሰው ነው። መሰርሰሪያው የጣቶቹን ስሜት ወስዶበታል። ብርድ ሲሆን ጣቶቹ እንደ ሻማ ይነጣሉ፤ ትኩስ ሻይ ይሁን ቀዝቃዛ ብረት የያዘው ካላየ አያውቅም። እንዲያም ሆኖ ከአሥራ ዘጠኛችን በተኩስ እርሱን የሚበልጡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት እውነተኛውን ጥቁር ባሩድ ተወ። ጥቁር ባሩድ ቤት ለማስቀመጥ የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፖሊስ የሐኪም ደብዳቤ ጠየቀ፤ ሐኪሙ ስለ እጆቹ ጠየቀ፤ ኖርማን ተናደደ። "ምትኩን ተጠቀም" አልኩት። ምትክ ባሩድ ያለ ፈቃድ ይገዛል። የቀረውን ጥቁር ባሩድ ካባው ጥግ ላይ በትኖ አቃጠለና ባሩድ የሚሰፍርባትን የናስ ኮዳ እኔ እጅ ላይ አኖራት።

"ውሰዳት" አለኝ። "አንተ ቤት መደርደሪያ ላይ ታብረቅርቅ። እኔ ዘንድ ከቆየች ስሞታ ታሰማኛለች።"

ከዚያ ወዲህ ምትኩን ቤቱ እየሰፈረ በትንንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይዞ ይመጣ ነበር። ምትኩ ግን እልኸኛ ነው። ለመቀጣጠል ከጥቁሩ የበለጠ እሳት ይፈልጋል። የቆቧ መተላለፊያ ትንሽ ከረጠበ ወይም ጥላሸት ከያዘው ቆቧ ትፈነዳለች፣ ባሩዱ ግን ዝም ይላል። ይህን አውቅ ነበር። ምትኩን ስመክረውም አውቅ ነበር።

ያን ቅዳሜ ካፊያ ነበር። መጋቢት ነው። መስመሩ ላይ ሰባት ሰዎች ቆመዋል፤ ኖርማን ጫፍ ላይ፣ ከጎኑ ትሬቨር። ትሬቨር የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሽጉጡ የክንድ ያህል ነው፣ ጩኸቱም የመድፍ። ነፋስ ስላልነበረ ጭሱ ከፊታችን አልነሳ ብሎ እንደ ታጠበ አንሶላ ተሰቅሏል። ሁላችንም የጆሮ መከላከያ አድርገናል። የመጨረሻው ዙር ላይ ኖርማን አምስተኛውን ተኮሰ፤ በዚያችው ቅጽበት ትሬቨርም ተኮሰ። አንድ ድምፅ ሆኖ ተሰማ። ኖርማን ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ጭሱ ሲሳሳ በማቅረቢያ መነጽር የኖርማንን ወረቀት አየሁ።

"አራት ናቸው" አልኩት። "አምስት ተኩሰሃል፣ ያሉት ግን አራት ናቸው።"

"አምስተኛው በአራተኛው ቀዳዳ ገብቶ ነው" አለ ኖርማን።

"በሕልምህ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጥተህም የሰው ሚዛን ታጎድላለህ?"

ትሬቨር የጆሮ መከላከያውን እያወለቀ፣ "አምስተኛውማ ኒውካስል ደርሷል፤ አሁን ባቡር ጣቢያ ሻይ እየጠጣ ነው" አለ።

ሳቅን። ይህን የምጽፈው ስለ ሳቁ አይደለም። አራት ቀዳዳ ማየቴን ለመመዝገብ ነው። አምስት ተኩስና አራት ቀዳዳ ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ አንዱ ስቷል፣ ወይ አንዱ አልወጣም። ሁለተኛውን ትርጉም ለማጣራት ነው ዘንጓ የተሠራችው።

የማኅበሩ ደንብ ተኳሹ ከመጨረሻው ተኩስ በኋላ ከበሮውን እንዳይነካ ያዛል። ኖርማን ግን ነካው። እኔ ወደ እርሱ እስክደርስ ባዶዋን ቀዳዳ ከአፈሙዙ ጋር አስተካክሎ ቆየኝ። ጤና በሆንኩበት ቀን ቢሆን ኖሮ እቆጣው ነበር። ሽጉጡን ከኢላማው ኋላ ወዳለው የአፈር ግንብ አዙሮ ያዘልኝ፤ ዘንጓን ማስገባት ጀመርኩ። እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ።

"አንድ። ሁለት።"

"ኦድሪ ዛሬ ሰባ ሞላት" አለ ከበሮውን እያዞረ።

"እሰይ፣ ሌላ ሰባ ይጨምርላት። ሦስት።"

"ኬክ አለ። ና ብላሃለች።"

"የምን ኬክ?"

"የሎሚ።"

"አራት። ሻማውስ ስንት ነው?"

"ሦስት። ሰባ ሻማ ባጠፋ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።"

"አምስት" አልኩ።

"አምስት ተኮስኩ፣ አምስት ባዶ" አለ ኖርማን።

"ባዶ" አልኩና መዝገቡ ላይ ፈረምኩ። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ኬኩን በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደምቀምስ ነግሬው ተለያየን።

ስለ ሻማው ልናገር። ከመሙላታችን በፊት ባዶ ቀዳዳ ላይ ቆብ ብቻ ገጥመን እንመታለን፤ መተላለፊያው ውስጥ የቀረ ዘይት እንዲቃጠል ነው። አፈሙዙን ወደ ሣር ዝቅ እናደርጋለን፤ ሣሩ ከተነቃነቀ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። በአፈሙዙ የምትወጣው ትንፋሽ ትንሽ ናት፤ ሻማ ግን ታጠፋለች። ኖርማን በየዓመቱ በኦድሪ ልደት፣ ከካባው እንደተመለሰ፣ ሽጉጡን ከማጠቡ በፊት፣ የኬኳን ሻማዎች በቆብ ያጠፋላት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አድርገዋል። አራቱን ዓመት እኔም ነበርኩ፤ አይቼ አጨብጭቤአለሁ፤ ኬኩንም በልቻለሁ። ከካባው ውጭ ቆብ መምታት በማኅበሩ ደንብ የተከለከለ ነው። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በሌሎቹ ዓመታት ኬኩ የሚቀመጠው መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለው የድንጋይ ግንብ ነው። በዚህኛው ዓመት የኖርማን ዓይን በጭሱ አንብቶ፣ እጁም በብርዱ እየተንቀጠቀጠ ነበር። የሆነውን እርሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ኦድሪ ሳቀችበትና፣ "አንተ ሽማግሌ፣ መስኮቴን ልትሰብር ነው? ቆይ ላቅርብልህ" አለችው። ሳህኑን በሁለት እጇ አንስታ ደረቷ ፊት ያዘችው።

የመጀመሪያዋ ሻማ ጠፋች። ሁለተኛዋም ጠፋች።

ከበሮው ውስጥ ያለ አረር በጥላሸት ሲሸፈን ከባዶ ቀዳዳ አይለይም። ኖርማን ሽጉጡን አላየም አልልም፤ ቢያይም ጥቁር ያያል። ደግሞ መዝገቡ ላይ ባዶ ተብሎ ተፈርሟል።

ፖሊስ እሑድ ጠዋት መጣ። ሳጅን ኮልሰን የምትባል፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የማኅበሩን መዝገብ በላስቲክ ከረጢት ይዛ ወጥ ቤቴ ተቀመጠች።

"ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ስድስቱንም ቀዳዳ አይተዋል?"

"ሁልጊዜ ስድስቱንም ነው የማየው።"

"ቅዳሜ ዕለትስ?"

"አይቻለሁ" አልኩ።

ያን ስናገር ውሸት መሆኑን አውቄ ነበር ብል ራሱ ውሸት ይሆናል። አላጣራሁም ነበር፤ ሳላጣራ መለስኩ። ያጣራሁት እርሷ ከሄደች በኋላ ነው። የራሴን ሽጉጥ አወጣሁ፤ ከኖርማን ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ባዶዋን ቀዳዳ አስቀድሜ፣ ንግግራችንን ቃል በቃል እየደገምኩ፣ በዘንግ ፋንታ የሹራብ መርፌ እያስገባሁ ቆጠርኩ። አምስት ላይ ኖርማን "አምስት ተኮስኩ፣ አምስት ባዶ" አለ። ቀጥሎ እኔ "ባዶ" አልኩ። በመካከሉ ስድስት የሚል ቃል የለም። አሥር ጊዜ ደገምኩት። አሥሩንም ጊዜ፣ ባዶዋ ቀዳዳ አንድ ተብላ ስለተቆጠረች፣ አምስት ስል ያልተነካችው ቀዳዳ የመጨረሻው ተኩስ ቀዳዳ ናት።

አምስት ተተኩሶ አምስት ስለተባለ ጆሮዬ ረክቶ ነበር። ሥጋ ቤት ብሆን ኖሮ ይህን ዓይነት ጉድለት ከበር ነበር የማየው።

ሰኞ ሳጅኗ ጋ ደውዬ ልነግራት እችል ነበር። ስልኩን አነሳሁም። ከዚያ ኦድሪን እንደማይመልሳት አሰብኩ፤ ፖሊስ ራሱ አደጋ ነው ብሎ እንደሚዘጋው አሰብኩ፤ ማኅበሩ እንደሚዘጋ አሰብኩ። ሦስቱንም ምክንያት በየተራ መዘንኳቸው፤ ሦስቱም ሚዛን አይደፉም ነበር። ስልኩን ግን መልሼ አስቀመጥኩት።

ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ አልዘጋውም። ባለሙያቸው ሽጉጡን መረመረና ሦስተኛዋ ቆብ የተመታችበት ቀዳዳ ባሩድ፣ ዱቄት፣ አረርና ቅባት በሥርዓቱ የተሞላ እንደነበር ጻፈ። ሽጉጡ ከካባው ባዶውን ከወጣ ቤት ነው የተሞላው። ባዶውን ለመውጣቱ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት ሚዛን ሲፈትሽ የኖረ ሰው ፈርሟል። ከዚያ ጎረቤቶች ተጠየቁ። ኦድሪ ቤቱን ሸጠው ዊትቢ ያለችው እህቷ ዘንድ እንዲጠጉ ትፈልግ እንደነበር፣ ኖርማን ካባዬን ትቼ የትም አልሄድም ብሎ እንደጮኸባት ተናገሩ። እውነት ነው፤ ሲጮህ እኔም ሰምቻለሁ። ካባውን ትቶ የማይሄደው ግን ሚስቱን ሊገድል ፈልጎ አልነበረም።

ክስ ገና አልተመሠረተም ነበር፤ እንዳንገናኝም ማንም አልከለከለንም። በየማክሰኞው ሾርባ ይዤለት እሄድ ነበር። ኬኩ የነበረበትን ሳህን ፖሊስ ወስዶታል። ወንበሯ እንዳለ ነው። ኖርማን ከዚያ ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጥና ሾርባውን ሳይነካ ይጠይቀኛል።

"ሌስ፣ አይተኸዋል አይደል?"

"አይቼዋለሁ።"

"ስድስቱንም?"

"ስድስቱንም።"

"አንተ ካየኸው ባዶ ነበር" ይላል። "ባዶ ከነበረ እንግዲህ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። መቼ እንደሆነ ነው ያልገባኝ። ከመኪናው ወርጄ ቦቲዬን አወለቅኩ። ሰላም አልኳት። ከዚያ ሻማውን ለኮሰች። በየትኛው መሀል?"

"አታስጨንቅ ራስህን።"

"አእምሮዬ እየለቀቀኝ ይሆን እንዴ? እናቴም እንዲህ ነበር የጀመራት። የብረት ድስቱን አልጋ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር።"

"አንተ ደህና ነህ፣ ኖርማን።"

"ደህና ከሆንኩማ የባሰ ነው" አለኝ አንድ ቀን። "ደህና ሆኜ ካጎረስኩት ገደልኳት ማለት ነው።"

ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ አልሰጠሁትም።

በሰባተኛው ማክሰኞ ስሄድ በሩን ክፍት አድርጎ ጠበቀኝ። ጺሙን ተላጭቷል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ሾርባውን ተቀብሎኝ በማንኪያ መብላት ጀመረ። ተሽሎታል ብዬ ደስ አለኝ።

"አስታወስኩት" አለ።

"ምኑን?"

"ማጉረሴን። ከትናንት ወዲያ ጧት ነው ትዝ ያለኝ፣ ልክ እንደ ፎቶ። ነገ ጠበቃዬ ጋ ሄጄ እነግረዋለሁ። ይፍረዱብኝ። ቢያንስ ማወቅ ይሻላል፣ አይደለም ወይ?" ሾርባውን ጨረሰ። "ጨው ግን ያንሰዋል" አለ።

ከዚያ ቤት ወጥቼ መኪናዬን በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነዳሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሳጅን ኮልሰን ስብሰባ ላይ ነች ተባልኩ፤ ሃምሳ ደቂቃ ተቀምጬ ጠበቅኋት።

"አምስት ጊዜ ነው ያስገባሁት" አልኳት።

አልገባትም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ስለ ካፊያው፣ ስለ ትሬቨር ተኩስ፣ ስለ አራቱ ቀዳዳ፣ ኖርማን ባዶዋን አስቀድሞ ስለ መጠበቁ፣ ስለ ሎሚ ኬኩ። ስድስት ክብ በወረቀት ስዬ የቷ እንዳልተነካች አሳየኋት።

"ሰው ከሰባት ሳምንት በኋላ ሊሳሳት ይችላል" አለች። "ጓደኛዎን ለማዳን ብለው እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?"

"መነጽሬ ውስጥ አራት ቀዳዳ ነበር። ትሬቨርን ይጠይቁት፤ ቀልዶበታል። ወረቀቱም ካባው ውስጥ ሳጥን ውስጥ አለ። ቀኑ ተጽፎበታል።"

"በመጀመሪያው ቃልዎ አይቻለሁ ብለዋል።"

"ዋሽቻለሁ።"

"መቼ ነው ያወቁት?"

"በዚያው እሑድ፣ እርስዎ በወጡ በሁለት ሰዓት ውስጥ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነጋዴዎችን እንዲህ አይቻቸው አውቃለሁ፤ የሚታዩት ምን እንደሚሰማቸው ግን አላውቅም ነበር።

"ሰባት ሳምንት" አለች፣ ከዚያም ጻፈችው።

ወረቀቱ ተገኘ፤ ትሬቨርም ቀልዱን አስታወሰ። ይህን ቃል ከሰጠሁ በአምስተኛው ሳምንት ኖርማን እንደማይከሰስ ተነገረው። እኔ የሐሰት ቃል በመስጠት ተጠያቂ ነኝ፤ ጉዳዩ ገና አልተቋጨም። ሽጉጦቼን ሁለት ፖሊሶች መጥተው ወሰዷቸው፤ ዘንጓንም። የካባው በር ላይ ሰንሰለት ተደርጓል። ትሬቨር ገበያ ውስጥ ሲያገኘኝ መንገድ አቋርጦ ይሸሸኛል። ትክክል ነው።

ኖርማን ቤት የሄድኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ሾርባ ግን አልያዝኩም። በሩን ከፈተ፣ አየኝ፣ ዞሮ ገባ። በሩን አልዘጋውም፤ ስለዚህ ተከተልኩት። ሻይ ጣደ። ለሁለታችንም ቀዳ። የምቀመጥበትን ወንበር በአገጩ አሳየኝ፤ የኦድሪ ወንበር አልነበረም።

"ፖሊሷ ነገረችኝ" አለ። "አምስት ጊዜ።"

"አምስት ጊዜ።"

"እኔም ከጎንህ ሆኜ አምስት ብያለሁ።"

"የመስመር ኃላፊው እኔ ነበርኩ እንጂ አንተ አልነበርክም።"

"ከበሮውን ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ። ቆቧን የገጠምኳትም፣ ወደ ደረቷ የደገንኩትም እኔ ነኝ። እሱን አልሰጥህም።" ሻዩን ቀመሰ። "ስንት ጊዜ ጠየቅኩህ?"

"በየማክሰኞው።"

"ስንት?"

"ስድስት ጊዜ። በሰባተኛው አልጠየቅከኝም።"

"ቆጥረሃል።"

"ቆጥሬያለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ተዘጋጅቼበትም ነበር። ቁጣ ቢመጣ የምለው ነበረኝ። ኖርማን ግን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ማየት ጀመረ። የግንቦት ፀሐይ ቢኖርም የጣቶቹ ጫፍ ነጭ ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለ። "ማጉረሴን አስታወስኩ ብዬህ አልነበር?"

"እሱ እውነት አይደለም። ይኸው ተረጋገጠ እኮ። አረሩ ከካባው ነው የመጣው።"

"ዝም በልና ስማኝ፣ ሌስ። ከመኪናው ወረድኩ። ቦቲዬን አወለቅኩ። ኦድሪ ወጥ ቤት ሆና ስታንጎራጉር ይሰማኛል። እኔ ጋራዡ ውስጥ ቆሜያለሁ። የናሷን ኮዳ ከመደርደሪያ አነሳኋት። አውራ ጣቴን አፏ ላይ አድርጌ ገለበጥኳት። ቅዝቃዜዋ እስከ ክርኔ ነው የሚሰማኝ። ባሩዱን ሰፈርኩ። ዱቄቱን ጨመርኩ። አረሩን ጫንኩ፣ ቅባቱን በጣቴ አስተካከልኩ። ከዚያ ገባሁ። ሻማውን ለኮሰች።"

ሁለት ስህተት ነበረበት፤ ሁለቱንም ወዲያው አየኋቸው። ጣቶቹ ቅዝቃዜ ከተሰማቸው አሥራ አምስት ዓመት አልፏል። ሁለተኛው ደግሞ ማንም ሰው ሄዶ ሊያየው የሚችል ነው።

"ኮዳዋ እኔ ቤት ናት" አልኩት። "ከሁለት ዓመት በፊት ነው የሰጠኸኝ። መደርደሪያዬ ላይ ናት፤ ዛሬ ጧትም አይቻታለሁ።"

"አውቃለሁ" አለ ኖርማን። "እኔው አይደለሁ የሰጠሁህ?"

"እንግዲያስ።"

"እንግዲያስ ምን? ስድስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ነበር አልከኝ። የጎደለውን ፈለግሁ፤ ፈልጌ አገኘሁት። አሁን መጥተህ የለም ትላለህ። ጠበቃውም የለም ይላል፣ ፖሊሷም የለም ትላለች። እኔም የለም እላለሁ።" ቀኝ እጁን አዞረና መዳፉን ከፈተው፣ አንድ ክብ ነገር እንደያዘ ሰው ጣቶቹን ግማሽ አጥፎ። "ይኸው ግን፣ እጄ ላይ ናት። ጧት ስነሳ እጄ ላይ ናት።"

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ሌላ የማውቀው መንገድ አልነበረኝም፤ የተጠረጠረ መስፈሪያ ከትክክለኛው ጎን ይቀመጣል፣ ልዩነቱም ይታያል።

"ነገ ላምጣልህ?" አልኩት። "ያዛት፣ እያት። ያኔ የቷ እውነተኛዋ እንደሆነች ታውቃለህ።"

ኖርማን መዳፉን ሲያይ ቆየ።

"አታምጣት" አለ። "ያኔ ሁለት ይሆኑብኛል።"